የሚከራይ ቤት ስለመግዛትና ስለማስተዳደር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለኪራይ የሚሆን ቤት ልገዛ ነው። ሻጩ በዓመት የዋጋውን 8.4 በመቶ ያስገባል ይሉኛል። ያዋጣል ይላሉ?

መልስ፦ የነገሩዎት ኪራዩን እንጂ ትርፉን አይደለም። ዋጋው 1,000,000፣ የወር ኪራዩ 7,000 ነው እንበል፤ በዓመት 84,000 ይሆናል፤ 8.4 በመቶ የተባለውም ይኸው ነው። ነገር ግን አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢቆም 77,000 ይቀራል። ለጥገና በየዓመቱ ከቤቱ ዋጋ 1 በመቶ መያዝ የተለመደ መነሻ ነው፤ ላረጀ ቤት ግን አይበቃም። ይህ ሲቀነስ 67,000 ይሆናል። ኢንሹራንስ፣ የንብረት ግብርና የጋራ መገልገያ መዋጮ በድምሩ 9,000 ቢሆኑ፣ አስተዳዳሪውም ከተሰበሰበው ኪራይ 10 በመቶ ቢወስድ፣ በእጅዎ የሚቀረው 50,300 ነው። ለስም ማዛወሪያና ለእድሳት ሌላ 100,000 ካወጡ፣ ገንዘብዎ የሚያስገኘው ከገቢ ግብር በፊት 4.6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ይህንኑ ቤት በ8 በመቶ ወለድ ተበድሮ የሚገዛ ሰው፣ ለተበደረው ገንዘብ የሚከፍለው ወለድ ያው ገንዘብ ከሚያስገኝለት ይበልጣል። ስለዚህ ሻጩን ያለፉትን ዓመታት የኪራይ ደረሰኝና የጥገና ወጪ ይጠይቁ፤ ሰነዱ ሳይጣራም ቀብድ አይክፈሉ።

ጥያቄ፦ የቤት ዋጋ ወደፊት ይጨምራል?

መልስ፦ የዋጋ ጭማሪን በሒሳቤ ውስጥ አላስገባም፤ እርስዎም አያስገቡ።

ጥያቄ፦ «ሰነድ ይጣራ» ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?

መልስ፦ ሻጩ ባሳየዎት ቅጂ ሳይሆን፣ የባለቤትነት መዝገቡን ከሚይዘው መሥሪያ ቤት ቤቱ ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለበት ማረጋገጥ ነው። የትዳር ጓደኛ ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ በጽሑፍ ይያዝ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ፣ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድና ያልተሻረ መሆኑ ይታይ። በቤቱ ውስጥ ተከራይ ካለ ውሉን ያንብቡ፤ የኪራይ ዘመኑና የከፈለው ማስያዣ ከቤቱ ጋር ወደ እርስዎ ሊተላለፍ ይችላልና።

አንድ አባል፦ ለአስተዳዳሪ 10 በመቶ መክፈል ብክነት ነው። ቤቴን ራሴ እጠብቃለሁ፤ ያን ሁሉ ገንዘብም አተርፋለሁ።

ሌላ አባል፦ ቅርብ ስለሚኖሩ ነው። ቧንቧ በሌሊት ሲፈነዳ ሩቅ ያለ ባለቤት ምን ሊያደርግ ነው?

የመጀመሪያው አባል፦ ሩቅ ያለ ቤት መጀመሪያውኑ አይገዛም!

መልስ፦ ክርክሩ ከጥያቄው እየወጣ ነው። ራስዎ ቢያስተዳድሩም 10 በመቶውን ከሒሳቡ አያውጡት። ጉልበትዎ ዋጋ አለው፤ ሲታመሙ ወይም ሲርቁም ሥራውን ለሌላ ሰው ከፍለው ማሠራትዎ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ጥሩ ተከራይ እንዴት ይገኛል?

መልስ፦ ጥያቄው ሰፊ ነው፤ ለአንዱ ጥሩ በጊዜው የሚከፍል ነው፣ ለሌላው ቤት የማያጎሳቁል። ለሁለቱም የሚያገለግል አንድ ነገር ልንገርዎ። ስለ ተከራዩ የአሁኑን አከራይ ብቻ አይጠይቁ፤ አስቸጋሪ ተከራይ ቶሎ እንዲወጣለት የሚፈልግ አከራይ ሊያሞግሰው ይችላል። ከዚያ በፊት የነበረው አከራይ ግን የሚደብቅበት ምክንያት የለውም። ኪራዩ ከገቢው አንድ ሦስተኛ የሚበልጥበት ሰውም ቅን ቢሆን እንኳ አንድ ክፉ ወር ሲገጥመው ክፍያ ያቋርጣል።

ጥያቄ፦ 9 በመቶ የሚያስገኝ ቤት አግኝቻለሁ፤ ልግዛ? ሻጩ ዛሬውኑ ቀብድ ይፈልጋሉ።

መልስ፦ ከላይ ያለውን የመጀመሪያ መልስ አላነበቡትም። 9 በመቶው ከጠቅላላ ኪራዩ ነው ወይስ ከተጣራው? ይህን ሳይነግሩኝ መልስ የለኝም። ቀብዱን በተመለከተ ግን ደግሜ እላለሁ፦ ሰነዱ ሳይጣራ አይክፈሉ።

ጥያቄ፦ ተከራይ ሲወጣ ስለ ጉዳት የሚነሣውን ጭቅጭቅ እንዴት ላስቀር?

መልስ፦ በሚገባበት ቀን። እያንዳንዱን ክፍል በፎቶግራፍ ያንሡ፤ የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ንባብ፣ የቁልፎቹን ብዛት፣ ቀድሞ የነበረውን ስንጥቅና እድፍ በርክክብ ሰነድ ላይ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። በአገልግሎት ብዛት የደበዘዘ ቀለም ጉዳት አይባልም፤ የተሰበረ በር ግን ይባላል። ማስያዣውን ገቢ አድርገው አይቁጠሩት፤ ተከራዩ በሚወጣበት ቀን እንዲመለስ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ።