በብስክሌት ወደ ግድብ ሐይቅ፦ ስለ ሽርሽር ጉዞ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ዓይነት ጉዞ ላይ ያተኩራሉ። ቅዳሜ ወይም እሁድ በብስክሌት ወጥቶ፣ ግድብ ያቆመው ሐይቅ ዳር ምሳ በልቶ፣ ሳይመሽ ቤት መግባት። ጠያቂዎቻችን የሚጨነቁት በአብዛኛው ስለ መሄዱ ነው። ጉዞው የሚበላሸው ግን ሲመለሱ ነው፤ ያኔ እግር ዝሏል፣ ውኃ አልቋል፣ ነፋሱ በርትቷል። ስለዚህ ሒሳቡን ከመመለሻው እንጀምር።

ጥያቄ፦ ካርታው እስከ ሐይቁ 35 ኪሎ ሜትር ይላል። እኔ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስለምነዳ ለጓደኞቼ በ2 ሰዓት እንደርሳለን ብያቸዋለሁ። ልክ ነኝ?

ብቻዎን፣ ዕቃ ሳይጭኑ፣ በሜዳ ላይ ቢሆን ያስኬድ ነበር። ቡድን ግን የሚጓዘው በደካማው አባል ጉልበት ነው። ምሳ ለጫነና አቅሙ ለተለያየ ቡድን በሜዳ ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይያዙ። በዚህ ፍጥነት 35 ኪሎ ሜትሩ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል። በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር አቀበት 9 ደቂቃ ያህል ይጨምሩ።

አቀበቱን ሲያሰሉ የመነሻውንና የመድረሻውን የከፍታ ልዩነት ብቻ አይመልከቱ። ግድብ የሚሠራው ሸለቆ ላይ ነው። ውኃው ሲሞላ ወደ ዋናው ወንዝ ይገቡ የነበሩትን ትንንሽ ሸለቆዎች ሁሉ ሰርጎ ይይዛቸዋል። ዳር ዳሩን የሚሄደው መንገድ እያንዳንዱን ሰርጥ ለመዞር ይወርዳል፣ ይወጣል፣ መልሶ ይወርዳል። በሁለቱ ጫፎች መካከል 50 ሜትር ብቻ ልዩነት ያለው መንገድ በድምሩ 450 ሜትር ሊያስወጣ ይችላል። በስልክዎ የመንገድ ማውጫ መተግበሪያ ካለ የሚፈለገው ቁጥር የአቀበቱ ጠቅላላ ድምር ነው።

እንግዲህ 2 ሰዓት ከ20 ላይ ለአቀበቱ 40 ደቂቃ፣ ለዕረፍት ደግሞ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ሲታከል 3 ሰዓት ተኩል ሆነ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቢነሡ 4፡30 ይደርሳሉ። 3 ሰዓት ተቀምጠው 7፡30 ቢነሡ 11 ሰዓት ይገባሉ። ፀሐይ 12 ሰዓት ላይ የምትጠልቅ ከሆነ፣ ለተነፈሰ ጎማና ለደከመ ሰው የተረፈው 1 ሰዓት ብቻ ነው። ይህ ሰዓት አይነካ። ዘግይተው ከደረሱ የሚቀነሰው ከምሳው ጊዜ ነው። የመመለሻውን ሰዓትም ገና ቤት ሳላችሁ ተስማሙበት፤ ጥላ ሥር ከተጋደሙ በኋላ የሚነሣ የለም። እንዲያም ሆኖ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ለእያንዳንዱ ብስክሌት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ስንሄድ ቀሎን ነበር። ስንመለስ ያው መንገድ እጥፍ የከበደን ለምንድን ነው? ቁልቁለት እንኳ አልነበረውም።

ነፋስ ነው። ከጀርባ የሚገፋ ነፋስ አይታወቅም፤ ነጂው ጉልበቱ የራሱ ይመስለዋል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከኋላ ቢመጣ፣ አየሩ የቆመ ያህል ነው። ስትመለሱ ግን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚመጣ አየር ፊታችሁን ይገጥማል። የአየር ተቃውሞ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ከሚገጥማችሁ 4 እጥፍ ይሆናል። ነፋስ ደግሞ መሬት ስትሞቅ፣ ከቀትር በኋላ፣ የመበርታት ልማድ አለው።

ከዋዜማው የአየር ትንበያውን ይዩ። የምዕራብ ነፋስ ሲባል ከምዕራብ የሚመጣ ማለት ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይረዳዋል። አማራጭ ካለ ጠዋት ነፋሱን ፊት ለፊት የሚገጥሙበትን መድረሻ ይምረጡ። ከሌለ ሐይቁ ዳር የምትቆዩበትን ጊዜ በ1 ሰዓት አሳጥሩ። በመመለሻው ላይ በአንድ መሥመር፣ በመሐል አንድ የብስክሌት ርዝመት ያህል ትታችሁ ተከታተሉ፤ ፊተኛው በየ3 ወይም በየ5 ደቂቃው ይቀየር። የግድቡ አናት ገላጣ ስለሆነ የጎን ነፋስ ብስክሌትን ይገፋል። በብዙ ግድቦች አናቱ ላይ ማለፍ የተከለከለ ነውና፣ መንገዱን በዚያ በኩል ከማቀድዎ በፊት ያጣሩ።

ጥያቄ፦ የአምስት ሰው ምሳ በጀርባ ቦርሳ ይዤ ትከሻዬ ተቆረጠ፤ ምግቡም ሞቆ ደረሰ። እንዴት ላድርግ?

ክብደቱን ከጀርባዎ አውርደው ለብስክሌቱ ይስጡት። ከኋላ ጎማ በላይ በሚታሰረው መጫኛ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠሉ ሁለት ቦርሳዎች ከሁሉ ይሻላሉ። ከባዱ ዕቃ ከታች ይግባ፤ የሁለቱ ጎን ክብደትም ይቀራረብ። ሁሉም ከኋላ ሲከመር የፊት ጎማ ይቀልና ቁልቁለት ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ጥቂቱን ወደ ፊት ያምጡ ወይም ለሌሎች ያካፍሉ። መጫኛው ላይ የተጻፈውን የክብደት ልክ አይለፉ። ከመነሣትዎ በፊት ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙረው ተረከዝዎ ቦርሳውን እንደማይነካ ያረጋግጡ። የተንጠለጠለ ማሰሪያ ካለ አሁኑኑ ይቋጠር፤ ጎማው ውስጥ ከገባ በአንድ ጊዜ ያስቆመዋል።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ ጀርም በፍጥነት የሚራባው ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ነው። የበሰለ ሥጋ፣ እንቁላል፣ የወተት ተዋጽኦ በዚህ ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ከ1 ሰዓት በላይ። የእናንተ ጉዞ 3 ሰዓት ተኩል ነውና ያለ በረዶ አይሆንም። የመጠጥ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ከማታው ያቀዝቅዙ። ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ከአፉ 3 ሴንቲ ሜትር ያጉድሉ። ጠርሙሶቹን ከምግቡ ሥር ሳይሆን ከላይ ያድርጉ፤ ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ነው የሚወርደው። ከምሳ በኋላ ቀልጠው ለመመለሻ መጠጥ ይሆናሉ። ይህን ሁሉ ማድረግ የማይቻል ከሆነ ዳቦ፣ ለውዝና ያልተላጠ ፍራፍሬ ይበቃል፤ ተመላሽ ምግብም አይኖርም።

ጥያቄ፦ ውኃ ከባድ ስለሆነ ከሐይቁ ቀድቶ አፍልቶ መጠጣት አይቻልም?

ለጭንቅ ጊዜ ካልሆነ አይመከርም። ለሚነዱበት ለእያንዳንዱ ሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ 750 ሚሊ ሊትር ያስቡ፤ በዕረፍትና በምሳ ጊዜ የሚጠጣው ሌላ ነው። ለ6 ሰዓት ጉዞ ቢያንስ 3 ሊትር ማለት ነው፤ በመንገድ ላይ መሙያ ቦታ ይፈልጉ።

ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከሆነ 3 ደቂቃ ይቆይ። የቆመ ውኃ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ውኃው የፈሰሰ ቀለም ወይም የአተር ሾርባ ከመሰለ፣ ዳሩ ላይ አረፋ ከተጠራቀመ፣ መርዝ የሚያመነጭ ሳይኖባክቴሪያ የተባለ ረቂቅ ሕዋስ ሊሆን ይችላል። መርዙ በማፍላት አይጠፋም። አይቅዱት፣ አይታጠቡበት፣ ልጅም ውሻም አይጠጋው።

ጥያቄ፦ ጎማዬ ተንፍሶ አዲስ የውስጥ ጎማ ቀየርኩ። 5 ደቂቃ ሳልሄድ ተነፈሰ። አዲሱ ብልሹ ነው?

ብልሹ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን የወጋው እሾህ ወይም ሽቦ የውጭው ጎማ ውስጥ እንደተሰካ አለ። አዲሱን ከማስገባትዎ በፊት አሮጌውን ነፍተው ቀዳዳውን ይፈልጉ፤ ከቫልቩ ያለውን ርቀት ለክተው በውጭው ጎማ ላይ ያንኑ ቦታ ይዩ። ውስጡን በጨርቅ ይጥረጉት፤ ጨርቁ የሚይዝበት ቦታ ላይ ነው እሾሁ ያለው። በጣት መፈለግ ያስቆርጣል።

ቀዳዳው ራሱ ይናገራል። ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ካሉ፣ ንፋሱ አንሶ ጎማው ከድንጋይና ከቸርኬው መሐል ተቆንጥጧል። ቀዳዳው በውስጠኛው፣ በቸርኬው በኩል ከሆነ፣ የቸርኬውን ቀዳዳዎች የሚሸፍነው ጥብጣብ ተንሸራቷል፤ ወደ ቦታው ሳይመልሱት ስንት ጎማ ቢቀይሩ ያው ነው።

ሲገጥሙም ይበላሻል። የውስጥ ጎማውን ቅርጽ እስኪይዝ ብቻ ትንሽ ይንፉት። የውጭውን ጎማ ጠርዝ ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምረው ቫልቩ ጋ ይጨርሱ፤ የመጨረሻውን በአውራ ጣት እንጂ በብረት አያስገቡ፣ ብረቱ ይቆነጥጠዋል። ከዚያ ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው ይመልሱት። በሁለቱም ጎን ዙሪያውን አይተው የተቆነጠጠ ላስቲክ ከሌለ ይንፉ። ለ70 ኪሎ ሰው መነሻ የሚሆነው፣ ለ28 ሚሊ ሜትር ጎማ ከ70 እስከ 80 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ)፣ ለ40 ሚሊ ሜትር ከ40 እስከ 50፣ ለተራራ ብስክሌት ሰፊ ጎማ ከ25 እስከ 35 ነው። የኋላው ዕቃ ከጫነ ጥቂት ይጨመርለታል፤ ጎማው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ግን አያልፍም።

ከቤት ሲወጡ የሚረሳው የቫልቩ ዓይነት ነው። እንደ መኪና ጎማ ወፍራም ቫልቭ ያለው የውስጥ ጎማ ለቀጭኑ በተበሳ ቸርኬ አይገባም። መለጠፍ ካለብዎ ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቀው፣ ማስቲሹን በስሱ ቀብተው፣ እርጥበቱ እስኪጠፋ 5 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ሳይደርቅ የተለጠፈ ይላቀቃል።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ጸጥ ያለ ነው። መዋኘት ይቻላል? የት ብንቀመጥስ ይሻላል?

የግድብ ሐይቅ ጸጥታው ያታልላል። በብዙዎቹ መዋኘት የተከለከለ ነው፤ በተፈቀደበትም ከተከለለው ቦታ አይውጡ። ላዩን ፀሐይ ያሞቀው ውኃ ጥቂት ሜትር ወረድ ሲሉ ድንገት በጣም ይቀዘቅዛል። ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ውኃ ውስጥ በድንገት የገባ ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል፤ አፉ ከውኃው በታች ከሆነ ይሰምጣል፣ ዋናተኛም ቢሆን። ሥሩ ቀድሞ መሬት ስለነበር የዛፍ ጉቶና አጥር ይኖርበታል። የውኃው ከፍታ ይወጣል ይወርዳል፤ ባለፈው ጥልቅ የነበረ ቦታ ዛሬ እስከ ጉልበት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ በጭንቅላት አይዘለልም። ወደ ውኃ መሳቢያው ማማና ትርፍ ውኃ ወደሚወጣበት ማስተንፈሻ በጀልባም ቢሆን አይቀርቡም፤ ላዩ ሳይንቀሳቀስ ከሥር ይስባል።

ለመቀመጫ ከውኃው ዳር ሣር የሌለበትን ገላጣ ቀበቶ ያያሉ፤ ውኃው እስከዚያ ይመጣ እንደነበር ይናገራል። ከዚያ በላይ ይቀመጡ። ቀበቶው ላይ ደርቆ የተሰነጣጠቀው ጭቃ ከላይ ጠንካራ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ለስላሳ ነው፣ ብስክሌቱም እግርም ይሰምጣሉ። ከግድቡ በታች ያለው የወንዝ አሸዋና ድንጋይ የቱንም ያህል ቢያምር ለሽርሽር አይሆንም፤ ግድቡ ውኃ ሲለቅ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላል። የማስጠንቀቂያ ጡሩምባ ከሰሙ ዕቃ አይሰብስቡ፣ ሰዎቹን ይዘው ወደ ከፍታ ይውጡ።

ጥያቄ፦ ወደ ግድቡ የሚወስደው ቁልቁለት 4 ኪሎ ሜትር ነው። ፍሬን ይዤ ስወርድ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ።

ፍሬኑን ሳይለቁ ስለያዙት ነው። ሁለቱንም ፍሬኖች ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ አድርገው ይያዙ፣ ፍጥነቱ ሲበርድ ይልቀቁ፣ እንደገና ይያዙ። ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ያለማቋረጥ ከተያዘ ሙቀቱ የውስጥ ጎማውን ሊያፈነዳው ይችላል፤ የዲስክ ፍሬን ደግሞ መያዙን ይቀንሳል። ከሸተተ ቆመው ያብርዱት፤ ዲስኩን አይንኩ፣ ውኃም አያፍስሱበት። የዲስክ ፍሬን ሸራው ከ1 ሚሊ ሜትር ከሳሳ ከጉዞው በፊት ይቀየር። ዕቃ የጫነ ብስክሌት ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋልና፣ ከቤት እንደወጡ በመጀመሪያው 100 ሜትር ላይ ፍሬኑን ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ ጉልበቴን ያመኛል።

ኮርቻው ዝቅ ብሎ ይሆናል። ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ አድርገው ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት፤ በእግር ጣቶች መነሻ ሲነዱ ያኔ ትንሽ ይታጠፋል። ከተጓዙ በኋላ ሳይሆን ከሳምንት በፊት ያስተካክሉት።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር ሳለን ነጎድጓድ ቢጀምር?

ብልጭታውን አይተው ድምፁ ከ30 ሰከንድ በፊት ከተሰማ መብረቁ ሊደርስባችሁ በሚችል ርቀት ላይ ነው። ከውኃውና ከገላጣው ዳር ወዲያው ይራቁ፤ ብቸኛ ዛፍ ሥር አይጠለሉ። ቤት ወይም ጣሪያ ያለው መኪና ውስጥ ይግቡ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይውጡ። ይህን 30 ደቂቃ ከመጠባበቂያው 1 ሰዓት ላይ ይቀንሱና፣ የቀረው ካልበቃ ከመጨለሙ በፊት የሚወስዳችሁ መኪና ፈልጉ።