«ራጅ ማንሳት ቁልፍ መጫን ነው?» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሜሪላንድ ውስጥ ሆም ኬር (ሰው ቤት እየሄዱ ሕመምተኛና አረጋዊ መንከባከብ) ትሠሪያለሽ፤ የ4 ዓመት ልጅ አለሽ። «ራጅ ማንሳት ቁልፍ መጫን ብቻ ነው ይሉኛል፤ እውነት ነው? ስንት ዓመት ይፈጃል? ጨረሩስ አይጎዳም?» ብለሻል። ባለቤትሽ ደግሞ «ነርሲንግ ይሻልሻል» ይላል። እኔ ሥራው ውስጥ ከገባሁ 11 ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት ፓርኪንግ ነበርኩ። የማውቀውን ልንገርሽ፤ ትንሽ ይረዝማልና ቻይኝ።

ቁልፉን መጫን አንድ ሰከንድም አይፈጅም። ሥራው ከዚያ በፊት ያለው ነው። ዳሌያቸው የተሰበረ የ80 ዓመት እናት ሳያማቸው እንዴት ራጅ ይነሳሉ? ክንዱን መዘርጋት ያቃተው ልጅስ? ሰውየው መዞር ካልቻለ ማሽኑን ታዞሪለታለሽ። ያንን በጭንቅላትሽ አስበሽ፣ በእጅሽ አስተካክለሽ፣ በአፍሽ ደግሞ እያጽናናሽ ነው። እናቴ ደሴ ሆና ለጎረቤት «ልጄ ፎቶ አንሺ ሆነ» ትል ነበር። መጀመሪያ ይከነክነኝ ነበር። አሁን ሳስበው ብዙም አልተሳሳተችም፤ የእኔ ደንበኞች ፈገግ አይሉም እንጂ።

ተማሪ እያለሁ አንዲት ሐበሻ እናት ለደረት ራጅ መጡ። ብረት ነገር አውልቁ ሲባሉ «ማተቤንማ አላወልቅም» አሉ። አስተማሪዬ ግራ ገባት። ክሩ ራጁን አያበላሽም። ችግሩ መስቀሉ ነው፤ ብር ስለሆነ ደረታቸው ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። «እማማ፣ አይወለቅም፤ ከፍ ብቻ እናድርገው» አልኳቸውና መስቀሉን ከአገጫቸው በላይ አድርገን አነሳን። ምስሉ ሲወጣ ግን የሳንባቸው ጫፍ ላይ ጥላ አለ። ሁላችንም ደነገጥን። ለካ ሹሩባቸው ነው! ጠበቅ ያለ ሹሩባ ትከሻ ላይ ሲወርድ ራጅ ላይ በሽታ ይመስላል። ወደ ላይ አስረን ደግመን አነሳን፤ ጥላው ጠፋ። መጀመሪያውኑ አይቼው ቢሆን እኚያ እናት ሁለቴ ጨረር ባልነካቸው። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ከመንካቴ በፊት ሰውየውን ከራስ እስከ እግር አያለሁ።

በትልቅ ማግኔት ምስል የሚያነሳው ኤምአርአይ ላይ ደግሞ ብረት የምስል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማግኔቱ ምስል ባይነሳም ሌሊትም ቀንም አይጠፋም። በስህተት የገባ የኦክስጅን ሲሊንደር እንደ ጥይት ተስቦ ሰው ሊገድል ይችላል።

ወደ ጨረሩ ልምጣ። የሚለካው በሚሊሲቨርት ነው፤ አንድ የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት አካባቢ ነው። አሜሪካ ውስጥ ማንም ሰው ከአፈርና ከሰማይ በዓመት 3 ሚሊሲቨርት ያህል ያገኛል። የሆድ ሲቲ ስካን ግን ወደ 8 ይጠጋል፤ ስለዚህ ሲቲ ቀልድ አይደለም። የራጁም የሲቲውም መጠን የታካሚው ነው። አንቺ ቁልፉን የምትጫኚው ከመከለያ ጀርባ ቆመሽ ነው። ለሠራተኛ ሕጉ የሚፈቅደው በዓመት እስከ 50 ሚሊሲቨርት ነው። ደረቴ ላይ የማደርገው የጨረር መለኪያ ባጅ ግን ብዙ ጊዜ ሊለካ ከሚችለው በታች ሆኖ ነው የሚመለሰው። ጥንቃቄ የሚፈልገው ኦፕሬሽን ክፍል ነው፤ እዚያ ጨረሩ ሲለቀቅ አጠገቡ ትቆሚያለሽ። እርሳስ ያለበትን ሽርጥ ትለብሻለሽ፣ ራቅ ትያለሽ። ርቀትሽን እጥፍ ስታደርጊ የሚደርስብሽ ወደ ሩብ ይወርዳል። ካረገዝሽም በጽሑፍ ስታሳውቂ ለጽንሱ በእርግዝናው በሙሉ 5 ሚሊሲቨርት የሚል ጥብቅ ገደብ ይያዝልሻል። እውነቱን ልንገርሽ? ከጨረር ይልቅ የጎዳኝ ወገቤ ነው። ሰው ማንሳት፣ ማንሸራተት፣ ማሽን መግፋት። ሆም ኬር ስለሠራሽ የምለው ይገባሻል።

አሁን ትምህርቱ። እኔ የተሳሳትኩበት ቦታ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም በይ። በጥቂት ወራት «የራጅ ባለሙያ» እናደርግሃለን ያለኝ አንድ ትምህርት ቤት ነበር። ከፍዬ ጨረስኩ። ወረቀቱን ይዤ ሆስፒታል ስሄድ አዩትና መለሱልኝ። ለፈተናውም አያስቀምጥም። ገንዘቤም ጊዜዬም ውኃ በላው። አንቺ እንዳትሸወጂ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፦ ፕሮግራሙ የራጅ ትምህርት ቤቶችን መርምሮ እውቅና በሚሰጠው በጄአርሲኢአርቲ (JRCERT) የታወቀ ነው ወይ? ስሙ ለአፍ አይመችም፤ ግን ያዢው። የሙያ ፈተናውን የሚሰጠው ድርጅት ኤአርአርቲ (ARRT) ይባላል። ከ2015 ጀምሮ ቢያንስ የአሶሼት ዲግሪ (ከባችለር በታች ያለውን የኮሌጅ ዲግሪ) ይጠይቃል። ማለፊያው 75 ነው። ይህ ግን ተመዝኖ የሚወጣ ነጥብ እንጂ ከመቶ 75 መመለስ ማለት አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ ለመሥራት ከዚያ በኋላ የስቴቱን ላይሰንስ ታወጪያለሽ።

አንቺ አካባቢ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ፕሮግራሙ አለው። ፕሪንስ ጆርጅስ ኮሌጅም አለ፣ ቨርጂኒያ ከተሻገርሽ ደግሞ ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሌጅ)። ፕሮግራሙ ራሱ 2 ዓመት ነው። ከሱ በፊት አናቶሚ፣ ሂሳብና እንግሊዝኛ ስላለ 3 ዓመት ብለሽ አስቢ። መግቢያው ፉክክር ነው፤ አናቶሚ ላይ «C» ውጤት ይዘሽ ብትሄጂ ይከብድሻል። ሂሳቡን አትፍሪው። ፊዚክሱ ያስፈራል እንጂ የዕለት ሥራው ማባዛትና ማካፈል ነው። ለምሳሌ ኬቪፒውን (የማሽኑን ቮልቴጅ) 15 በመቶ ከፍ ካደረግሽ የጨረሩን መጠን በእጥፍ እንደጨመርሽ ያህል ምስሉ ይጠቁራል። ይህን ካወቅሽ ግማሹን መንገድ ሄደሻል።

የሚከብደው ክሊኒካሉ፣ ማለት የሆስፒታል ልምምዱ ነው። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ሆስፒታል ትውያለሽ፤ ሳንቲም አይከፈልሽም። እኔ ቅዳሜና እሁድ ፓርኪንግ እየሠራሁ ነው የጨረስኩት፤ ያኔ ግን ልጅ አልነበረኝም። ስለዚህ ከባለቤትሽ ጋር መነጋገር ያለባችሁ «ነርሲንግ ወይስ ራጅ» በሚለው ላይ ብቻ አይደለም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ስትወጪ ልጁን ማን ይይዛል? እሱን ቁጭ ብላችሁ ጨርሱ።

አገር ቤት በራጅ ተመርቀው እዚህ ለመጡትም ልናገር፣ በውስጥ መስመር ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። ዲግሪውን ማስተርጎምና ማስገምገም ብቻውን ለፈተናው አያበቃም። ኤአርአርቲ የሚቀበለው ፕሮግራም ውስጥ ማለፍ ግድ ነው። ግን በቀጥታ የፕሮግራሙን ዳይሬክተር አናግሩ፤ አንዳንዱ ከተማራችሁት ቀንሶ ይይዝላችኋል። ያማል፣ አውቃለሁ። ጥቁር አንበሳን በመሰለ ሆስፒታል ስንቱን ሲያነሳ የኖረ ሰው እዚህ እንደ አዲስ «የእጅ ራጅ እንዴት ይነሳል» ሲባል ማየት ደስ አይልም።

ደመወዙን በተመለከተ፣ የመንግሥት የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለ2024 ያወጣው መካከለኛ ገቢ ለራጅ ባለሙያ በዓመት ከ77 ሺህ ዶላር ትንሽ ይበልጣል። ለኤምአርአይ ከ88 ሺህ ትንሽ ይበልጣል። ብዙው ሰው በራጅ ይገባና ሥራ ላይ ሆኖ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ይጨምራል። እኔም ሲቲ የጨመርኩት እንደዚያ ነው። አልትራሳውንድ ከፈለግሽ ግን ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤቱም ፈተናውም ለብቻ ነው።

ነርሲንግ ይሻላል ወይ? የሥራ ቦታው ብዛት ይበልጣል፤ ባለቤትሽ እሱ ላይ ልክ ነው። እኔ ግን አንድ ሰው ጋ 15 ደቂቃ ቆይቼ፣ የሚታይ ነገር ሠርቼ ወደሚቀጥለው መሄድ ይመቸኛል። አንድ በሽተኛ ጋ 12 ሰዓት መዋል ደግሞ የሚመቸው ሰው አለ። አንቺ ሆም ኬር ላይ የትኛው እንደሆንሽ አይተሽዋል።

ከመመዝገብሽ በፊት ኮሌጁ የሚያዘጋጀውን የገለጻ ስብሰባ ግቢ፤ ነፃ ነው። አገር ቤት 12ኛ ክፍል ብቻ ከሆነ የጨረስሽው ትራንስክሪፕትሽን ካሁኑ አስልኪ፣ እሱ ነው ጊዜ የሚበላው።