ፔጆ 404 ላይ የአሜሪካ ገመድ ሲገባ፦ ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻ ለምን ይበራል?

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከሐረር ነው። የፔጆ 404 መኪናዬ ገመድ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ተሰነጣጥቆ ሁለት ቦታ ላይ ተቃጥሎ ነበር። ዘመድ ከዱባይ ባለ 21 መስመር አዲስ ገመድ ከፊውዝ ሳጥኑና መሪ ላይ ከሚታሰር የፍሬቻ እጀታ ጋር ላከልኝ፤ እኔው ዘረጋሁት። አሁን ፍሬን ስረግጥ የኋላ ፍሬቻዎቹ ቦግ ይላሉ፣ ቀዩ የፍሬን መብራት ግን አይበራም። ባትሪ እንደገጠምኩ ክላክሱ ይጮሃል፣ አያቆምም። ከድሬ ስመለስ ደግሞ ደንገጎ ዳገት ላይ ሞተሩ ይፈላል፤ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ገመዱ ነው የተበላሸው ወይስ እኔ ነኝ?»

መልስ፦ አብሽሩ፤ ገመዱ ጤነኛ ነው። እንዲህ ያሉ ገመዶች በአብዛኛው ቀለማቸውም አሠራራቸውም ከጄኔራል ሞተርስ መኪኖች የተቀዳ ነው፤ 404 ደግሞ የፈረንሳይ መኪና ነው። ሁለቱ የማይግባቡባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የጻፉልን ሦስቱም ችግሮች የወደቁት እነዚሁ ላይ ነው።

ከፍሬኑ እንጀምር። ብዙ የድሮ አሜሪካ መኪኖች ከኋላ አንዱን ቀይ አምፖል ለፍሬንም ለፍሬቻም ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ከፍሬን ስዊች የሚነሳው ነጭ ገመድ በቀጥታ ወደ ኋላ አይሄድም፤ መጀመሪያ ወደ ፍሬቻው እጀታ ይወጣል፣ እዚያ ለሁለት ይከፈልና በቢጫው ወደ ግራ ኋላ፣ በጥቁር አረንጓዴው ወደ ቀኝ ኋላ ይወርዳል። በ404 ግን ፍሬቻና ፍሬን ለየብቻ አምፖል አላቸው። እርስዎ ቢጫውንና አረንጓዴውን ከፍሬቻ አምፖሎች ጋር ስላያያዙ (ማያያዝዎ ትክክል ነው) የፍሬኑ ኤሌክትሪክ በነሱ በኩል ሄዶ ፍሬቻውን አበራ።

መፍትሔው ነጩን ከእጀታው ሶኬት ነቅሎ ማውጣት ነው። ነጩ ቢወጣም ፍሬቻው መሥራቱን አያቆምም፤ የራሱን ኃይል የሚያገኘው ከፍላሸሩ (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም ከሚያደርገው ዕቃ) በሚመጣው ሐምራዊ ገመድ ነው። ከዚያ ነጩን በበሩ ሥር አድርገው ወደ ኋላ ያራዝሙና ለሁለቱ ቀይ አምፖሎች ያካፍሉት። ሁለት ባለ 21 ዋት አምፖል 42 ዋት፣ ማለትም 3.5 አምፔር ነው፤ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድና 10 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል። ከፊት ፈዛዛው ሰማያዊ የግራ፣ ጥቁሩ ሰማያዊ የቀኝ ፍሬቻ ነው። ቀለሙን ግን ሁሉም አምራች አይጠብቅም፤ ገመዱ ላይ የታተመ ጽሑፍ ካለ እሱን ይመኑ።

አንድ ልብ ይበሉ፦ ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ቦግ ሳይል ደብዘዝ ብሎ ቢበራ ኖሮ ምክራችን ሌላ ይሆን ነበር። ደብዘዝ ማለት የመብራቱ ማሳ (በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር) ተቋርጦ ኤሌክትሪኩ በጎረቤት አምፖል በኩል መመለሻ እየፈለገ ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው እሱን ሳይለይ ጤነኛ ገመድ ሲቆራርጥ ይውላል።

ክላክሱ። በዚህ ገመድ ውስጥ የክላክስ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) አለ፤ ከሪሌው ወደ መሪው የሚሄደው ቀጭን ጥቁር ገመድ ማሳ ሲነካ ክላክሱ ይጮሃል። ጥቁር ስለሆነ ብቻ ማሳ መስሏችሁ ላሜራ ላይ ያሰራችሁት ሰዎች ጥቂት አይደላችሁም፤ መጀመሪያ ይህን ይዩ። ካልሆነ ገመዱን ከመሪው ጫፍ ይንቀሉት። ጩኸቱ ቆመ? ችግሩ መሪው ውስጥ ያለው አሮጌ ገመድ ተልጦ ዘንጉን መንካቱ ነው። ሌላም ሊያጋጥም የሚችል ነገር አለ፦ የመሪው ቁልፍ ሲጫኑት ማሳ ሳይሆን ፖዘቲቭ የሚያወጣ ከሆነ የገመዱ ሪሌ አይታዘዝለትም። ያኔ ለብቻው ባለ አራት እግር ሪሌ ይግጠሙ፦ 30 ከባትሪ በ15 አምፔር ፊውዝ፣ 87 ወደ ክላክሱ፣ 86 ከመሪው ቁልፍ፣ 85 ማሳ።

አሁን ደንገጎ ላይ እናቁም፤ ሞተር የሚያስወርደው ይሄኛው ነውና። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ያንን ከፍታ በሁለተኛ ማርሽ፣ ንፋስ በሌለበት ጠመዝማዛ ሲወጡ ራዲያተሩን የሚያድነው ፋኑ ብቻ ነው። የብዙዎቹ 404 ፋን እንደሌላው መኪና ዝም ብሎ ከቺንጋው ጋር አይዞርም። መሃሉ ላይ ማግኔት አለ፤ ውኃው ሲሞቅ የሙቀት ስዊቹ ኤሌክትሪክ ይለቃል፣ በከሰል ብሩሽ በኩል ወደ ማግኔቱ ይደርሳል፣ ማግኔቱም ፋኑን ከፑሊው ጋር ይይዘዋል። አዲሱ ገመድ ላይ «ፋን» ተብሎ የተጻፈው መስመር ግን የታሰበው ለብቻው ለሚዞር የኤሌክትሪክ ፋን ነው። ለብሩሹ የሚሄድ ገመድ ሳጥኑ ውስጥ ስለሌለ አሮጌው ሲነቀል ማግኔቱ ያለ ምግብ ቀርቷል ብለን እንጠረጥራለን።

ለማረጋገጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ቁልፉም ተነቅሎ ፋኑን በእጅ ያዙሩት፤ ቀለል ብሎ መዞር አለበት። ከዚያ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ10 አምፔር ፊውዝ በኩል አንድ ገመድ አምጥተው የብሩሹን እግር ያስነኩ። «ቀጭ» ብሎ ፋኑ ከቺንጋው ጋር ከተያዘ ማግኔቱ ደህና ነው፤ የቀረው ከቁልፍ በኋላ ከሚበራ መስመር ኃይል አውጥቶ በሙቀት ስዊቹ በኩል ወደ ብሩሹ መውሰድ ነው። ካልያዘ ብሩሹ አልቋል፣ የሚነካው ቀለበት ቆሽሿል፣ ወይም በማግኔቱና በሳህኑ መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቷል። ክፍተቱ ዙሪያውን እኩልና በጣም ጠባብ መሆን አለበት፤ የሰፋውን ማግኔት ሊስበው አይችልም። ይህን ሳይጨርሱ ወደ ድሬ አይውረዱ።

ስለ ቻርጅ ምንም አልጻፉልንም፤ እኛ ግን እንጠይቃለን። እዚህ አገር ሁለቱንም «ዲናሞ» ነው የምንለው፤ ለገመዱ ግን ልዩነቱ የትየለሌ ነው። ቀጭንና ረጅም ሲሊንደር ከሆነ የድሮው እውነተኛ ዲናሞ ነው፤ አጭርና ወፍራም፣ ዙሪያውን መስኮት ያለው ከሆነ ኦልተርኔተር ነው። በድሮው ዲናሞ ላይ ወፍራሙን ቀይ ገመድ በቀጥታ ከዲናሞው ወደ ባትሪ እንዳያደርሱት። ባትሪው ወደ ዲናሞው እንዳይመለስ የሚቆርጠው ውጭ ያለው ሬጉሌተር ነው፤ እሱን ከዘለሉት ሞተሩ ሲጠፋ ባትሪው በዲናሞው ላይ ይፈስና ገመዱን ያግለዋል። ቀዩ ገመድ መነሳት ያለበት ከሬጉሌተሩ የባትሪ እግር ነው። ኦልተርኔተር ከሆነ ደግሞ የዳሽቦርዱን የቻርጅ አምፖል በኤልኢዲ አይተኩ፤ ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚነቁት በዚያች አምፖል በኩል በሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው። መጠኑን በመልቲሜትር ይዩ፦ ሞተሩ ጠፍቶ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት፣ ኦልተርኔተር እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.4።

ካርቶኑ ውስጥ የማይመጣው ግማሹ ሥራ ማሳ ነው። የድሮው ማሳ ዝገት ነው፤ አዲስ ገመድ ዝገት ላይ ቢታሰር ያው አሮጌ ገመድ ነው። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ከሞተሩ ወደ ቦዲው ሌላ አንድ፣ ለእያንዳንዱ የኋላ መብራት ደግሞ የራሱ 1.5 ካሬ ጥቁር ገመድ። ቀለሙን እስኪያበራ ይፋቁ፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ያስገቡ፣ ካጠበቁ በኋላ ግራሶ ይቀቡ። መብራቱ በርቶ እያለ በባትሪው ኔጌቲቭና በአምፖሉ ቤት መካከል ይለኩ፤ እስከ 0.2 ቮልት ደህና ነው፣ 0.5 ከሆነ እንደገና ይፋቁ።

ለፊት መብራት ገመድ አይሰስቱ። ሁለት ባለ 60 ዋት አምፖል 10 አምፔር ይወስዳል። በ1.5 ካሬ ገመድ 4 ሜትር ሲሄድ 0.47 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፣ በ2.5 ካሬ 0.28። ቮልቱ በ5 ከመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በግምት 15 ከመቶ ይወርዳል፤ ልዩነቱ ማታ በዓይን ይታያል። በሪሌ ቢያሠሩት የዳሽቦርዱ አሮጌ ቁልፍም ከመቃጠል ይተርፋል።

ገመድ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለልን ይተዉት። በድሬ ሙቀት የናስትሮ ሙጫ ይቀልጣል፣ ይንሸራተታል። ስታኞ (ቀልጦ ገመድ የሚበየድበት) ብቻውንም አይበቃም፤ ስታኞው ገመዱ ውስጥ ሰርጎ ያደርቀዋል፣ የሐረር ድንጋይ ንጣፍ ደግሞ ሲያንቀጠቅጠው ከደረቀበት ይሰብረዋል። በትክክለኛው ፒንሳ የተጨመቀ ማያያዣና በላዩ በሙቀት የሚጨማደድ ቱቦ ይሻላል። ነጠላ ሽቦ ያለውን የቤት ገመድማ መኪና ውስጥ አያስገቡት። ይህ ገመድ የተቆረጠው ለረጅም የአሜሪካ መኪና ስለሆነ ይተርፍዎታል፤ ትርፉን ጠቅልለው ከዳሽቦርዱ ሥር አይወትፉ፣ 15 ሳንቲ ያህል ትተው ይቁረጡት። ላሜራ በሚያልፍበት ሁሉ የጎማ ቀለበት፣ ከጭስ ማውጫውም ቢያንስ 10 ሳንቲ ርቀት።

ሲጨርሱ ባትሪውን በቀጥታ አይግጠሙ። ፊውዞቹን ሁሉ ያውጡ፣ ቁልፉ ጠፍቶ በባትሪው ኔጌቲቭና በገመዱ መካከል አንድ ባለ 21 ዋት አምፖል ያስገቡ። ያለ ፊውዝ ከበራ ወፍራሙ ገመድ ማሳ ነክቷል። ካልበራ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ይመልሱ፤ አንዱ ሲገባ አምፖሉ ቦግ ካለ ጥፋቱ እዚያ መስመር ላይ ነው፣ ሌላውን ሳይነኩ እሱን ብቻ ይከተሉ። በዚህ መንገድ የሚያልቀው ገመድ ሳይሆን የአምፖል ብርሃን ብቻ ነው።