በአሜሪካ ኮሌጆች ቅበላ ስለ ዘርና ስለ ምሩቃን ልጆች ቅድሚያ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (የሜሪላንድ እናት)፦ ጋሼ፣ ከ2023ቱ ፍርድ በኋላ ልጄ ጥቁር መሆኗን በማመልከቻው ላይ ብትገልጽ ይጎዳታል?

መልስ፦ አይጎዳትም፤ በራሱ ግን አይጠቅማትም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሃርቫርድና የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ዘርን ለቅበላ መመዘኛ ማድረጋቸውን ሕገ ወጥ ብሎታል። ሆኖም ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ፣ አመልካቹ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያስከተለውን ነገር ከግል ብርታቱ ጋር አያይዞ ቢጽፍ ዩኒቨርሲቲው ያንን ከማየት እንደማይከለከል በፍርዱ አስፍረዋል። ያለፈችበት ነገር ካለ ትጻፈው፤ ያልሆነውን ግን እንዳትፈጥር።

ጥያቄ፦ ልጄ በጣም ጎበዝ ነው። ሃርቫርድ ይገባል?

መልስ፦ በዚህ ብቻ ማንም ሊመልስልዎ አይችልም።

ጥያቄ (የዳላስ አባት)፦ የምሩቃን ልጆች ቅድሚያ ከዘር ጋር ምን ያገናኘዋል?

መልስ፦ ብዙ ያገናኘዋል። ኮሌጆች የራሳቸውን ምሩቃን ልጆች በቅበላ የማስቀደም ልማዳቸው ሥር የሰደደው በ1920ዎቹ፣ ታላላቆቹ ኮሌጆች የአይሁድ ተማሪዎችን ቁጥር ለመቀነስ መንገድ በሚፈልጉበት ዘመን ነው። በሃርቫርድ ክስ ላይ በቀረበው መረጃ የምሩቃን ልጆች ከመቶ 33 ያህሉ ሲገቡ፣ ከሌሎቹ አመልካቾች የገቡት ከመቶ 6 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከተቀበላቸው ነጮች ከመቶ 43ቱ የምሩቃን፣ የለጋሾች ወይም የሠራተኞች ልጆች አለዚያም ለስፖርት የተመለመሉ ሲሆኑ፣ በጥቁሮች ዘንድ ይህ ድርሻ ከመቶ 16 በታች ነበር። ፍርድ ቤቱ ዘርን ሲያስቀር ይህንን አልነካውም፤ እኔን የሚያስቆጣኝም ይኸው ነው። ወላጆቹ አዲስ አበባ ወይም ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ለተማሩ ልጅ ይህ ቅድሚያ ምንም አይፈይድለትም።

አስተያየት (የቨርጂኒያ አባት)፦ እኔና ባለቤቴ ሌሊት እየሠራን እዚሁ ተመርቀናል። ተራው ለእኛ ልጆች ሲደርስ ነው በሩ የሚዘጋው?

አስተያየት (የሁለተኛ ዓመት ተማሪ)፦ ጋሼ፣ የእርስዎ ልጅ የተማረ ወላጅ አላት፤ ትናንት መጥቶ ታክሲ የሚነዳው ሰው ልጅስ?

አስተያየት (የቨርጂኒያ አባት)፦ እኔም ታክሲ ነድቻለሁ፣ ልጄ።

መልስ፦ የማን ድካም ይበልጣል የሚለውን እዚህ አንጨርሰውም። የኢኮኖሚ ተመራማሪው ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ ስለ ታላላቆቹ የግል ኮሌጆች በ2023 ባወጡት ጥናት፣ እኩል የፈተና ውጤት ካላቸው ልጆች መካከል ከላይኛው አንድ በመቶ የገቢ ደረጃ የሚመጣው ከመካከለኛው መደብ ልጅ ከእጥፍ በላይ የመግባት ዕድል አለው፤ ለዚህም ዋነኛው ምክንያት የምሩቃን ቅድሚያ ነው። በዚህ ሥርዓት የቨርጂኒያው ወንድማችን ልጅ ብትጠቀምም፣ ከእርሷ ጋር የሚሰለፉት አብዛኞቹ የባለጸጎች ልጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጥቁር የሚለውን ሣጥን ይምረጥ ወይስ ይተው?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ። ደግሜ እላለሁ፦ በድርሰቱ ያልሆነ ታሪክ አይፈጠር።

ጥያቄ፦ ስለ ነጻ ትምህርት ዕድልስ?

መልስ፦ የዛሬው ርዕስ አይደለም።

ጥያቄ (የሎስ አንጀለስ እናት)፦ ካሊፎርኒያ የምሩቃን ልጆችን ቅድሚያ ከልክሏል ሲባል ሰምቻለሁ። ስታንፎርድም ትቷል ማለት ነው?

መልስ፦ አልተወም። ሕጉ በ2024 ተፈርሞ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ የግል ዩኒቨርሲቲዎችንም ይመለከታል፤ ስታንፎርድ ግን ከሕጉ ውጭ ለመሆን ካል ግራንት ከተባለው የክፍለ ግዛቱ የተማሪዎች ድጎማ ወጥቶ ገንዘቡን ከራሱ ካዝና ለመተካት መርጧል።