«ጋሼ፣ ይህቺ ጃጓር ይሄ ዋጋ ይገባታል?» ላላችሁኝ ልጆች

ባለፈው ሳምንት አምስት ሆናችሁ የላካችሁልኝን ማስታወቂያ ደጋግሜ አየሁት። ብርማ ጃጓር ኤክስጄ220፣ የ1993 ሥሪት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ የተነዳችው 5 ሺህ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም፣ የተጠየቀባት 560 ሺህ ዶላር። ከሥሯ የጻፋችሁት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ጋሼ፣ ይህቺ መኪና ይሄ ዋጋ ይገባታል?» በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩላችሁ። ሌሎችም ወጣቶች እንዲህ ያለ ጥያቄ ስለሚያመጡልኝ ለእነሱም ይሁን።

ሥራዬን ታውቃላችሁ። መካኒክነት የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ነው። ከዚያ ከ30 ዓመት በላይ እዚህ ቨርጂኒያ ሠራሁ። አሁን ደግሞ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት መኪናውን እመረምርለታለሁ። የሚከፍለኝ ገዢው ነው፣ ከሻጭም ከደላላም አልቀበልም። ስለዚህ የምነግራችሁ ነገር የማንንም ኪስ አያሞላም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። መኪናዋን እወዳታለሁ። ዝቅ ያለች፣ ረጅም፣ ቆማ እንኳ የምትሮጥ የምትመስል መኪና ናት። የምለው ሁሉ እሷን ከመናቅ እንዳይመስላችሁ።

ታሪኳን ካላወቃችሁ ዋጋዋ አይገባችሁም። በ1988 እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም በተደረገው የመኪና ትርዒት ላይ ስትቀርብ ባለ 12 ሲሊንደር፣ በአራቱም ጎማ የምትነዳ ተብላ ነበር። ሰው ተረባረበባት። ቀብዱ 50 ሺህ ፓውንድ ነበር፣ የሚሠሩትም 350 ብቻ ተባለ። ያኔ ብርቅ መኪና ገዝቶ በማግስቱ አትርፎ መሸጥ የተለመደበት ጊዜ ስለነበር፣ ቀብድ ካስያዙት ብዙዎቹ መሪዋን ለመጨበጥ ሳይሆን ተራቸውን ለሌላ ሰው ለመሸጥ ነበር የተሰለፉት። በ1992 መኪናዋ ስትወጣ ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር ሆኖ መጣ፣ ሁለት ቱርቦ የተገጠመለት። የሚያሽከረክሯትም የኋላ ጎማዎቿ ብቻ ሆኑ። ዋጋዋ መጀመሪያ ከተባለው 290 ሺህ ፓውንድ ተነስቶ 470 ሺህ ገባ። በዚያ ላይ የእንግሊዝ ኢኮኖሚ ወድቆ ነበር። ትናንት የተሰለፈው ሁሉ ወደ ኋላ አለ፣ ክርክሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። በመጨረሻ የተሠሩት 280 ገደማ ናቸው፣ ከእነሱም ገዢ አጥተው ለዓመታት የቆሙ አሉ።

«ተታለልን» የተባለበት ሞተር እኮ 542 የፈረስ ጉልበት አለው። መኪናዋን በሰዓት 340 ኪሎ ሜትር ያስኬዳታል። መኪናዋ ያኔም ደህና መኪና ነበረች። ሰዎቹን ያከሰራቸው አትርፈን እንሸጣታለን ብለው መግባታቸው ነው። እናንተም በስልክ «አምስታችን አዋጥተን እንገዛትና ሁለት ዓመት አቆይተን እንሸጣታለን» ስትሉኝ ልቤ የደነገጠው ለዚህ ነው።

«ጋሼ፣ 280 ብቻ እኮ ናት በዓለም ላይ!» አላችሁኝ። እውነት ነው። ግን እስቲ አብረን እንቁጠር። ፌራሪ ኤፍ40 ከ1,300 በላይ ተሠርታለች፣ ያም ሆኖ ዛሬ ደህናዋ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ትጠየቃለች። ማክላረን ኤፍ1 የተሠራችው 106 ናት፣ አንዷ በ2021 ካሊፎርኒያ ፔብል ቢች በተደረገ ጨረታ ከ20 ሚሊዮን በላይ ወጥታለች። ጃጓሯ ከፌራሪዋ በቁጥር በጣም ታንሳለች፣ በዋጋም ታንሳለች። ቁጥር ማነሱ ብቻውን ዋጋ ቢሰቅል ኖሮ ይሄ አይሆንም ነበር። ዋጋውን የሚሰቅለው ፈላጊው ነው። ኤፍ40ን በልጅነቱ ግድግዳው ላይ ለጥፎ ያደገ ስንት ሰው አለ! ጃጓሯ ግን ስሟ ገና ከጅምሩ በዚያ በቀብዱ ጭቅጭቅ ተበላሸ። ለሚነዳት ሰው ይሄ መልካም ዕድል ነው፣ በርካሽ ያገኛታል። ሊነግድባት ላሰበ ግን ነገ ስትሸጡ ተሰልፎ የሚጠብቃችሁ ሰው የለም ማለት ነው።

አሁን ወደማውቀው ልግባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌላ ስቴት ሄጄ ከእነዚህ መኪኖች አንዷን መርምሬያለሁ። ባለቤቱ ምንጣፍ በተነጠፈበት ጋራዥ ውስጥ ነበር ያስቀመጣት። በለስላሳ ጨርቅ ተሸፍናለች። ጨርቁን ሲገፈው እኔም እንደ ልጅ ነው የፈዘዝኩት። ቀለሟ ያበራል፣ ቆዳው አልተሸበሸበም፣ ኪሎሜትሯ ትንሽ ነው። ገዢው ከጎኔ ቆሞ ዓይኑ ቀልጧል።

በርከክ ብዬ ጎማዋ ላይ ባትሪ አበራሁ። ከ2000 ወዲህ የተሠራ ጎማ ጎኑ ላይ የተሠራበትን ጊዜ የሚነግር አራት አሃዝ አለው፣ የመጀመሪያው ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋላው ሁለቱ ዓመቱን ይነግራችኋል። 1103 ይላል። በ2003 በ11ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ! ጥርሱ አዲስ ይመስላል፣ ጣቴን ስጭነው ግን እንደ ድንጋይ ነው። በዚያ ጎማ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር መሄድ እንኳ ነፍስን ማስያዝ ነው። ከዚያ ውስጧ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ከመቀመጫው ጀርባ ቤንዚን ሸተተኝ። ሰልባትዮዋ፣ ማለትም የቤንዚን መያዣዋ፣ ከጎማ የተሠራ ከረጢት ነው፣ ጎማ ደግሞ መኪናው ተነዳም አልተነዳም ያረጃል። የታይሚንግ ቺንጋውም (የሞተሩን ቫልቮች በጊዜያቸው የሚያስከፍተው ቀበቶ) እንደዚያው፣ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዓመት ነው የሚቀየረው። እሱን ለመቀየር ደግሞ ሞተሩ መውረድ አለበት። «መቼ ነው የተቀየረው?» ብዬ ባለቤቱን ጠየቅኩት። ሰውዬው «ኧረ ምን ተነዳችና!» አለኝ።

ይቺን መልስ ያዙልኝ። ምን ተነዳችና የምትባል መኪና ስትገጥማችሁ ሻጩ የሚያስከፍላችሁ ላለመነዳቷ ነው፣ ያለመነዳቷ ያመጣውን በሽታ የምታስታምሙት ደግሞ እናንተ ናችሁ። የዚያች መኪና የጥገና ሂሳብ ተሠርቶ ሲመጣ ብቻውን ደህና አዲስ መኪና የሚገዛ ነበር። ገዢው ሂሳቡን ለሻጩ አሳየው፣ ሻጩ አልቀነስም አለ፣ ትተነው መጣን። ገዢው በመንገድ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ቃል አልተነፈሰም። አዘንኩለት። ግን ገንዘቡ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ሌላው ወረቀት ነው። ይህቺ መኪና አሜሪካ ውስጥ በአዲስነቷ በይፋ አልተሸጠችም። እዚህ የምናያቸው አብዛኞቹ 25 ዓመት ሲሞላቸው፣ ሕጉ ሲፈቅድላቸው የገቡ ናቸው። ስለዚህ የጥገና ታሪኳ ያለው ባሕር ማዶ ነው። የሻንሲ ቁጥሯ ከጉምሩክ ወረቀቷ ጋር ይመሳከር፣ የድሮ ባለቤቶቿ ደረሰኝ አንድ በአንድ ይምጣ። አካሏ በማጣበቂያ ከተያያዘ አሉሚኒየም የተሠራ ስለሆነ ተጋጭታ ከነበረች እንደ ተራ ላሜራ ቀጥቅጦ ማቅናት አይቻልም። «ወረቀቱ ጠፍቶብኛል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ዋጋውን ከመከራከራችሁ በፊት ውጡ።

እንግዲህ 560 ሺው ይገባታል ወይ? የቺንጋዋ፣ የሰልባትዮዋና የጎማዋ ደረሰኝ ካለ፣ በየጊዜው እየወጣች ስትነዳ ከነበረ፣ ለሚነዳት ሰው አዎ፣ ይገባታል። በዚህ ፍጥነትና በዚህ ታሪክ በዚህ ዋጋ ሌላ አላውቅም። ደረሰኝ ከሌለ ለእኔ 400 ሺህም ይበዛባታል።

ለእናንተ ግን፣ ልጆቼ፣ በደረሰኝም ቢሆን አይሆንም እላለሁ። ከአምስታችሁ ሁለቱ የሚያወጡት ለቤት ያጠራቀሙትን ነው፣ 200 ሺው ደግሞ የባንክ ብድር። ዕቁብ ቢሆን ዙሩ ይደርሳችኋል፣ ገንዘቡም ገንዘብ ነው። መኪና ግን አምስት ቦታ አይቆረጥም። ሊብሬው በማን ስም ይሆናል? አንዳችሁ ሚስት አግብቶ ድርሻዬን ስጡኝ ቢል ከየት ታመጣላችሁ? ሞተሩ ይውረድ ሲባልስ ማን ይከፍላል? ጓደኝነታችሁ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ነው። በባንክ ወለድና በጋራዥ ሂሳብ ሲጠመድ ማየት አልፈልግም። ከመካከላችሁ ከልቡ የሚወዳት ካለ፣ አውቃለሁ አለ፣ ፎቶዋን ሌሊት ሌሊት የሚልክልኝ እሱ፣ ይሥራ፣ ይቆይ፣ አንድ ቀን ብቻውን ያለ ብድር ይግዛት። ያኔ እኔ በነጻ ነው የምመረምርለት።

የቅዳሜውን ቀጠሮ ግን አትሰርዙ። ለሻጩ ልታዩ ብቻ እንደምትመጡ በግልጽ ንገሩት፣ እሺ ካለ እኔም እመጣለሁ። ዓይናችሁ ይልመድ። ባትሪና ትንሽ መስታወት ያዙ፣ ከሥሯ እንተኛለን፣ ስለዚህ የማትሳሱለት ልብስ ልበሱ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ ሞተሯን እኛ ከመድረሳችን በፊት አስነስቶ እንዳያሞቃት ለምኑት። ቀዝቃዛ ሆና ስትነሳ ከጭስ ማውጫዋ የሚወጣውን ማየት እፈልጋለሁ።