መልስ፦ የሱሉልታው ረግረግ ናሙና ዕድሜ ለምን ተገለበጠ?

ከረግረጉ ያወጣኸውን ናሙና በራዲዮካርቦን (በውስጡ ባለው ካርቦን 14 ዕድሜን በማወቅ) ስታስለካ፣ የታችኛው ማርጀት ሲገባው 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ጭቃ ከ55ቱ በልጦ ያረጀብህ ጭቃውን ሳትለቅም በጅምላ ስላስለካኸው ይመስላል። የተራራው ደን ሲመነጠር ጎርፍ አሮጌ አፈር ያወርዳል፤ የዚያ አፈር ካርቦን ረግረጉ ላይ ከተኛበት ጊዜ በብዙ ይቀድማል። ቁጥሩን አትጣለው፣ የመሸርሸር ምልክት ሊሆን ይችላል። ለዕድሜ ግን አትጠቀምበት።

1. ከሁለቱም ጥልቀት የ1 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ወስደህ በ180 ማይክሮን ወንፊት በውሃ እጠብ።

2. ከወንፊቱ ላይ የየብስ ተክል ዘር፣ ቅጠል ወይም የጭራሮ ከሰል ልቀም። ሥር አትላክ፤ የቄጠማ ሥር ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ዕድሜውን ያሳንሰዋል።

3. ለላይኛው ክፍል ራዲዮካርቦን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ላለፉት 300 ዓመታት አንዱ ልኬት ብዙ ዓመተ ምሕረት ይሰጥሃል። ሊድ 210 (ከአየር ወርዶ ጭቃው ላይ የሚያርፍ ራዲዮአክቲቭ እርሳስ) አስለካ። ግማሽ ዕድሜው (መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 22 ዓመት ገደማ ስለሆነ ከ100 እስከ 150 ዓመት ወደኋላ ይወስድሃል።

የዕድሜ ማመሳከሪያህ ባሕር ዛፍ ይሁን። ወደ አዲስ አበባ የገባው በምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ነው፤ የአበባ ብናኙ ያለበት ንብርብር ከዚያ ሊቀድም አይችልም። የአገራችን ዶቅማም ዘመዱ ነውና ብናኙ እንዲሁ ሦስት ማዕዘን ነው፤ የባሕር ዛፉ ተለቅ ይላል፣ እየለካህ ለይ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ከረግረጉ ዳር አትቆፍር። ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ የላዩ አፈር ከነብናኙ ስንጥቁ ውስጥ ይረግፋል። 55 ሴንቲ ሜትር ላይ የባሕር ዛፍ ብናኝ ካየህ መጀመሪያ ይህን ጠርጥር፤ ሚያዝያ ላይ እንኳ ውሃ ከማይለየው መሃል ሌላ ናሙና አውጣ።