ዲቃላ ወይስ ድቅል ባሕር ዛፍ?

አንድ አንባቢ የባሕር ዛፍ ችግኝ ሲገዙ ሻጩ «ዲቃላ ነው» አላቸው። ልጃቸው ደግሞ «ዲቃላ ስድብ ነው፤ ድቅል ነው የሚባለው» ብላ አረመቻቸው። «ሽቶ ባሕር ዛፍ እውነተኛ ባሕር ዛፍ አይደለም» ሲባልም ሰምተዋል። የቱ ልክ ነው?

ከመጨረሻው ልጀምር። ባሕር ዛፍ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ማለት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገባ፤ ሕዝቡም እንደ የባሕር ማሽላ (በቆሎ) በመጣበት ጠራው። (በሐመሩ ሐ ይጻፍልኝ!) ትግርኛ የፈረንጁን ስም፣ ዩካሊፕተስን፣ ገርቶ ቀላሚጦስ አለው። እኛ ደግሞ ነጭ፣ ቀይ፣ ሽቶ እያልን ለየነው። ሽቶውን የእጽዋት ሊቃውንት በ1995 እ.ኤ.አ. ከዩካሊፕተስ ወገን አውጥተው ኮሪምቢያ ብለውታል። ስለዚህ የሰሙት በእነሱ ሚዛን ልክ ነው። በአማርኛ ግን ባሕር ዛፍነቱን ማንም አይነጥቀውም። ስሙ የሚናገረው አመጣጡን እንጂ ወገኑን አይደለም። ደግሞስ የሳይንሱ ስም መቼ ተረጋግቶ ያውቃል? ቀዩ ባሕር ዛፍ ዛሬ ካማልዱሌንሲስ ነው፤ ድሮ ሮስትራታም ይባል ነበር። የአውስትራሊያ ዛፍ ሆኖ ሳለ የዛሬ ስሙን ያገኘው ጣሊያን፣ ኔፕልስ ካለ የአትክልት ስፍራ ነው።

አሁን ወደ ዲቃላ። «ስድብ ስለሆነ ከሳይንስ ቋንቋ ይውጣ» የሚሉ አሉ። አልስማማም። አዳቀለ፣ ማዳቀል፣ የተዳቀለ ላም ሲባል ማንም አይደነግጥም። ሁሉም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ታዲያ ዲቃላ ብቻውን ምን አጠፋ? እርግጥ በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው ብላለች። ያፈረችው ግን በቅሎ ናት፤ ዛፍ በአባቱ አይታማም።

ድቅል በሰዋስው በኩል እንከን የለውም። እንደ ክፍል፣ እንደ ቅይጥ ያለ ነው። ለጆሮዬ ግን ቅቅል ቅቅል ይለኛል። ይህ የእኔ ጣዕም ነው፤ ማስረጃ አይሆንም። ድቅል ዘር፣ ድቅል መኪና እየተባለ ስለሆነ ልጅዎ የያዘችው ቃል እያሸነፈ ነው። ይሁን። እኔ ግን ዲቃላን አልጥልም።

ሻጩን ይልቅ «የምንና የምን ዲቃላ?» ይበሉት። ባሕር ዛፍ ተቀራራቢ ዝርያ አጠገቡ ካገኘ ሰው ሳያዳቅለውም ይዳቀላል። ሳይንሱ በሁለቱ ወላጆች ስም መካከል የማባዣ ምልክት ያስገባል። አንዳንዴ ስሞቹንም ያዳቅላቸዋል፦ ዩሮፊላና ግራንዲስ የተባሉ የባሕር ዛፍ ዝርያዎች ተጋብተው ዩሮግራንዲስ ወልደዋል። ሻጩ ሁለቱንም ካላወቀ ቢያንስ የእናቱን ይንገርዎት።